ቃሉ የሚሸፍነው ማንን ነው?

ስላቅንና የታረመ አነጋገርን በእንግሊዝኛ ክፍል ስለ ማጥናት



በዚህ ዓምድ አዘውትረን የምንጽፍላችሁ ስለ እህል፣ ስለ ውኃ ጉድጓድ፣ ስለ ክሊኒክና ስለ ትምህርት ቤት ነው። ዛሬ ግን ስለ ቃል እንድንማማር እንወዳለን። ቃል ደግሞ ከእህሉና ከውኃው የራቀ ጉዳይ አይደለም። ለተራበ ሰው እህል ከመድረሱ በፊት ስለ እርሱ አስቀድሞ ቃል ይነገራል። ቃሉ እውነተኛ ከሆነ እህሉ ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉ የተድበሰበሰ ከሆነ ግን እህሉም ይዘገያል።

ይህን ትምህርት እንድናዘጋጅ ያነሣሣን በአንድ የማታ ክፍል ያየነው ነገር ነው። ወጣቶች እንግሊዝኛ በሚማሩበት ክፍል ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ትምህርቱን ስንከታተል፣ መምህሩ የተባዛ ጽሑፍ ለተማሪዎቹ አደሉና ተራ በተራ ጮክ ብለው እንዲያነቡ አዘዟቸው። የጽሑፉ ተናጋሪ በጨዋ አነጋገር ይጀምራል። የድሆችን ልጆች ብዛት ይቈጥራል፤ ይደምራል፤ ይቀንሳል። በመጨረሻም ልጆቹ አንድ ዓመት ሲሞላቸው ለባለጠጎች ማዕድ እንዲሸጡ ሐሳብ ያቀርባል። ጥቂት ተማሪዎች ሳቁ። አንዲት ተማሪ ግን ወረቀቱን አጥፋ፣ «ቲቸር፣ ይህን የጻፈውን ሰው ዝም አሉት?» ስትል ጠየቀች።

አንድ ወጣት ከጎኗ፣ «ቀልድ እኮ ነው፤ አልገባሽም?» አላት።

«ቀልድ ከሆነ የሚያስቀው የቱ ላይ ነው?» አለችው። የመለሰላት አልነበረም። እርሷም ዝግ ባለ ድምፅ ቀጥላ፣ «እኔ በልጅነቴ እህል ሲታደል ተሰልፌ ተቈጥሬአለሁ። የቈጠሩን ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ግን ስሜን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም» አለች።

መምህሩ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እንግዲያስ ይህ ጽሑፍ ከሁላችንም ይልቅ የገባው ለአንቺ ነው» አሏት።

እኛም ከዚያ ምሽት በኋላ ያጠናነውን ከዚህ እንደሚከተለው አሰናድተናል። ልጆቻችሁ እንግሊዝኛ የሚማሩ ከሆነ አብራችሁ አንብቡት። በመጨረሻ የመወያያ ጥያቄዎች ተሰጥተዋል።

1. ጽሑፉና ጸሐፊው

በክፍሉ የተነበበው «አንድ ትሑት ሐሳብ» በመባል የሚታወቀው የጆናታን ስዊፍት ጽሑፍ ነው። ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1667 በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ተወለደ። ከ1713 ጀምሮም በዚያው ከተማ የሚገኘው የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ዲን ሆኖ አገለገለ። ጽሑፉን ያሳተመው በ1729 ሲሆን ስሙን አልጻፈበትም።

ዘመኑ ለአየርላንድ ድሆች ክፉ ዘመን ነበር። ከ1727 ጀምሮ አዝመራው በተከታታይ ተበላሽቶ ነበር። ከባለርስቶቹ ብዙዎቹ ኑሮአቸውን በእንግሊዝ ስላደረጉ፣ ጭሰኛው የሚከፍለው ገንዘብ ከአገር ይወጣ ነበር። በደብሊን መንገዶች ልጆቻቸውን አስከትለው የሚለምኑ እናቶች የየዕለት ትርኢት ነበሩ።

ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፤ ስዊፍት ይህን በስላቅ ከመጻፉ በፊት በግልጽ ቋንቋ ብዙ ሞክሯል። በ1720 የአየርላንድ ሕዝብ በአገሩ የተሠራውን ጨርቅ እንዲለብስ የሚመክር ጽሑፍ አወጣ፤ አታሚው ተከሰሰበት። በ1724 ደግሞ ወደ አገሩ ሊገባ የነበረውን የመዳብ ሳንቲም በመቃወም ጨርቅ ሻጭ መስሎ ደብዳቤዎች ጻፈ፤ ይህኛው ተሳክቶ ሳንቲሙ ቀረ። የድሃው ኑሮ ግን አልተሻሻለም። ምክር ተሰጥቶ፣ ተለምኖ፣ ተገሥጾ አልሰማ ላለ ሰው ምን ይነገረዋል? ስዊፍት በ1729 ሌላ መንገድ መረጠ። የማይሰሙትን ሰዎች ቋንቋ ራሱን ወስዶ እስከ መጨረሻው ድረስ ተናገረበት።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ተናጋሪው የአገሩን ሕዝብ 1,500,000 ያህል አድርጎ ይገምታል። ከዚህ ውስጥ መውለድ የሚችሉ 200,000 ባልና ሚስት አሉ ይላል። ልጆቻቸውን ማሳደግ የሚችሉትን 30,000 ሲቀንስ 170,000 ይቀራሉ። ስለሚጨነግፉና በጨቅላነታቸው ስለሚሞቱ ደግሞ 50,000 ያወጣል። ስለዚህ በየዓመቱ 120,000 የድሃ ልጆች ይወለዳሉ ይላል። ከእነዚህም 20,000 ለእርባታ ይቀመጡና 100,000 ይሸጡ ነው ሐሳቡ። አንድን ሕፃን ዓመት ለመመገብ 2 ሽልንግ ያህል ይፈጃል፤ ዋጋው 10 ሽልንግ ነው፤ እናቲቱ 8 ሽልንግ ታተርፋለች። ሒሳቡ ስሕተት የለበትም፤ ስሕተቱ ያለው ሒሳቡ በተሠራበት ልብ ውስጥ ነው።

2. ስላቅ እንዴት ይሠራል?

ስላቅ ማለት ክፉን ነገር ፊት ለፊት ከመንቀፍ ይልቅ፣ ያንኑ ክፉ ነገር እንደ ደግ አድርጎ በማቅረብ አስቀያሚነቱን ማሳየት ነው። በእንግሊዝኛው ሳታየር ይባላል። ተማሪ ስላቅን ከተራ ቀልድ፣ እንዲሁም ከእውነተኛ ክፋት የሚለይባቸውን ሦስት ምልክቶች እንጥቀስ።

ሀ. ተናጋሪውና ጸሐፊው አንድ ሰው አይደሉም። በስዊፍት ጽሑፍ «እኔ» የሚለው ሰው ስዊፍት አይደለም። ስዊፍት የፈጠረው፣ ሰውን በሒሳብ ብቻ የሚያይ፣ ራሱንም እንደ ደግ ሰው የሚቈጥር የአገር መካሪ ነው። ተማሪዋ የተቈጣችው በዚህ ሰው ላይ ነበር፤ ስዊፍትም የፈለገው እርሱ እንዲቈጡበት ነው። የሳቁት ተማሪዎች ግን ቁጣውን ዘለው ወደ ሳቁ ሄዱ።

ለ. ድምፁና ነገሩ አይገጥሙም። ነገሩ ዘግናኝ ሆኖ ሳለ ድምፁ የረጋ፣ የተማረና የጨዋ ነው። ተናጋሪው እናቶችን የሚጠራቸው ለከብት እርባታ በሚውሉ ቃላት ነው። አንባቢው መጀመሪያ ቃሉን ሳያስተውል ያልፈዋል፤ በኋላ ግን ሰው ሰውን እንደ ከብት ሊበላ የሚችለው አስቀድሞ በቃል ከብት ካደረገው በኋላ መሆኑን ይረዳል።

ሐ. እውነተኛው ምክር እንደማይረባ ተጥሎ ይገኛል። ወደ ጽሑፉ መጨረሻ ተናጋሪው ሌሎች መፍትሔዎችን ማንም እንዳያነሣበት ይከለክላል። ከዚያም ይዘረዝራቸዋል፤ በውጭ የሚኖሩ ባለርስቶች ግብር ይክፈሉ፣ ሕዝቡ የአገሩን ምርት ይጠቀም፣ ባለርስቱ ለጭሰኛው ይራራ የሚሉ ናቸው። እነዚህ ስዊፍት ለዓመታት በግልጽ ሲጽፋቸው የነበሩ ምክሮች ናቸው። እንግዲህ ወርቁ የተቀበረው በዚህ ስፍራ ነው።

«ወርቅ» ስንል አንባቢያችን ወዲያው ሰምና ወርቅን ያስባል። በእርግጥም ለአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ስላቅ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ልዩነቱ፣ በቅኔ ወርቁ በአንድ ቃል ወይም በአንድ ሐረግ ድርብ ፍቺ ውስጥ ይገኛል፤ በስዊፍት ግን ሰሙ ተናጋሪው ሰውዬ ሙሉ በሙሉ ነው። አንድ ቃል ፈልፍለን አናገኘውም፤ ሰውዬውን ራሱን ገልጠን ማየት አለብን።

ሌላም የምናውቀው ምሳሌ አለ። ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሥ ዳዊት ሲገባ ክሱን በቀጥታ አልጀመረም። አንዲት በግ ብቻ ስለነበረችው ድሃና በጉን ስለነጠቀው ባለጠጋ ነገረው። ንጉሡም ሳያውቅ በራሱ ላይ ፈረደ። ስላቅም እንዲሁ ነው፤ አድማጩ ጋሻውን ከማንሣቱ በፊት ወደ ልቡ ይገባል። ስላቅ ሁልጊዜ ወደ ላይ፣ ኃይል ወዳለው ሰው እንደሚያነጣጥርም ከዚህ እንማራለን። ናታን በንጉሡ ላይ እንጂ በግ በተነጠቀው ድሃ ላይ አልተሳለቀም።

3. የለዘበ ቃል በኃይለኞች እጅ

ከስዊፍት በኋላ በእንግሊዝኛ ክፍሎች ብዙ ጊዜ የሚነበበው የጆርጅ ኦርዌል «አኒማል ፋርም» ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 የታተመው ይህ መጽሐፍ እንስሳት ጌታቸውን አባርረው እርሻውን በራሳቸው ስለማስተዳደራቸው፣ በኋላም አሳሞቹ አዲስ ጌቶች ስለመሆናቸው ይተርካል። በእርሻው ስኩዊለር የሚባል አንደበተ ርቱዕ አሳማ አለ። ለእንስሳቱ የሚሰጠው ቀለብ በተቀነሰ ጊዜ ስኩዊለር «ቅነሳ» የሚለውን ቃል ከቶ አይናገርም፤ «ማስተካከያ» ይለዋል። የአሳሞቹና የውሾቹ ቀለብ ግን አልተነካም።

ይህን ለተማሪ ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። «የዋጋ ማስተካከያ ተደርጓል» የሚል ማስታወቂያ ያነበበ ሰው፣ ዋጋው ወረደ ብሎ ደስ ሲለው አይተን አናውቅም።

ኦርዌል በ1946 ባሳተመው ስለ ፖለቲካና ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ በጻፈው ድርሰትም ይህንኑ ነገር በግልጽ አብራርቷል። መንደሮች ከአየር ሲደበደቡ «ሰላም ማስፈን» እንደሚባል፣ ገበሬዎች ከመሬታቸው ተነቅለው ሲባረሩም «የሕዝብ ዝውውር» እንደሚባል አሳይቷል። በሐሳቡ መሠረት እንዲህ ያለው ቋንቋ የሚያገለግለው ነገሩን በዓይነ ሕሊናችን ሳናይ እንድንሰይመው ነው። መንደሩ ሲቃጠል የሚታየን «መንደሩ ተቃጠለ» ሲባል ነው፤ «ሰላም ማስፈን» ሲባል ግን የሚታየን ምንም የለም።

4. የታረመ አነጋገር ከየት መጣ?

እስከዚህ ድረስ ያልነው፣ የለዘበ ቃል ሁሉ ሐሰት ነው የሚል ስሜት ሊያሳድር ይችላል። እንዲህ ማለታችን ግን አይደለም። የታረሙ ቃላት መካከል ብዙዎቹ የመጡት ከሥቃይ ነው።

የሥጋ ደዌን እንውሰድ። የኖርዌዩ ሐኪም አርማወር ሐንሰን የበሽታውን ተሐዋሲ እ.ኤ.አ. በ1873 አገኘ። ይሁንና በሽተኛው በእንግሊዝኛ ይጠራበት የነበረው ስም ከበሽታ ስምነት አልፎ «የተጣለ፣ የማይነካ» ማለት ሆኖ ነበር። በ1948 በኩባ፣ በሃቫና ከተማ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የሥጋ ደዌ ጉባኤ ይህ ስም እንዲቀርና «የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ» እንዲባል መከረ። በእኛም ቋንቋ «ቆማጣ» የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ ኖሯል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስሙን የፈራ ሰው ቁስሉን ይደብቃል፤ ቁስሉን የደበቀም ሰው ጣቶቹ ከተጎዱ በኋላ ወደ ሐኪም ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 በሽታውን የሚያድኑ መድኃኒቶች በጣምራ እንዲሰጡ ከመከረ ወዲህ ሕመሙ የሚድን ሆኗል፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ብዙዎችን ከክሊኒክ በር ይመልሳል።

ሁለተኛም «ደንቆሮ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። መስማት ለማይችል ሰው የተሰጠው ስም፣ ላልተማረና ለማይገባው ሰው ከሚሰጠው ስድብ ጋር አንድ ነው። በእንግሊዝኛም መናገር የማይችል ሰው ይጠራበት የነበረው ቃል ዛሬ «ጅል» ማለት ሆኗል። ሁለት እጅግ የተራራቁ ቋንቋዎች በዚህ አንድ በደል ተገናኝተዋል። ስለዚህ «መስማት የተሳነው» ስንል ነገሩን እያለባበስን አይደለም፤ በቃሉ ውስጥ ተደብቆ የነበረውን ሐሰት እያወጣን ነው። መስማት አለመቻል አለማወቅ አይደለምና።

ሦስተኛው ምሳሌ ለሰዋስው ክፍል የሚስማማ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1976 በወሰነው ውሳኔ 1981ን «ለአካል ጉዳተኞች» የተሰጠ ዓመት ብሎ ሰይሞ ነበር። በኋላ ስሙ ተለውጦ «የአካል ጉዳተኞች ዓመት» ሆነ። በእንግሊዝኛው የተለወጠው አንዲት መስተዋድድ ብቻ ናት፤ በአማርኛም «ለ» ወደ «የ» ተለወጠች እንደማለት ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው ስም ሌሎች ለእነርሱ የሚያደርጉላቸው ዓመት ነበር፤ በሁለተኛው ስም ዓመቱ የራሳቸው ሆነ። እኛ የእርዳታ ሠራተኞች በዚህች አንዲት ፊደል ላይ ረጅም ጊዜ ብናስብ ይጠቅመናል።

5. በታረመው አነጋገር ላይ ሲሳለቁ

«ፖለቲካሊ ኮሬክት» የሚለው የእንግሊዝኛ አባባል በ1970ዎቹ በአሜሪካ በለውጥ ፈላጊ ወገኖች መካከል ራስን ለመተቸትና ለመቀላለድ ይነገር ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን የአገር ክርክር ሆነ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ፣ ማለትም አባትየው፣ በግንቦት ወር 1991 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የምረቃ በዓል ላይ ነፃ ንግግርን የሚጋፋ ነው ሲሉ ተናገሩበት። በሌላው ወገን ደግሞ፣ ስድብን የመተው ልማድ እንዴት እንደ ሸክም ይቈጠራል? የሚሉ ነበሩ።

በ1994 አሜሪካዊው ጸሐፊ ጄምስ ፊን ጋርነር የልጆችን ተረቶች በዚህ በታረመ ቋንቋ መልሶ የጻፈበትን መጽሐፍ አሳተመ፤ እጅግም ተሸጠ። በተረቶቹ ድንኮቹ አጭር አይባሉም፤ በቁመት በኩል ፈተና ያለባቸው ይባላሉ። ተኩላውም ሆነች ልጅቷ ማንንም እንዳያስቀይሙ ረጅም ንግግር ያደርጋሉ፤ ታሪኩ ግን ከቦታው አይንቀሳቀስም። መጽሐፉ ለክፍል ትምህርት የሚመረጠው አጭርና አስቂኝ ስለሆነ ነው።

ይህ ስላቅ ትክክል ነውን? መልሳችን ሁለት ነው። ቃልን ብቻ አርሞ ሌላ ምንም ሳያደርግ ንጹሕ ነኝ በሚል ሰው ላይ የሚያነጣጥር ከሆነ ትክክል ነው። ደረጃ ብቻ ባለው ሕንፃ በር ላይ ቆሞ ተሽከርካሪ ወንበር የያዘውን ሰው በሚያምር ስም የሚጠራ፣ መወጣጫ ግን የማይሠራ ሰው ሊሳለቁበት ይገባል። ነገር ግን ያው ቀልድ ከዚያ ሰው ዞሮ በተሽከርካሪው ወንበር ላይ በተቀመጠው ላይ የወደቀ እንደሆነ፣ ስላቅ መሆኑ ቀርቶ የቀድሞው ስድብ ተመልሷል ማለት ነው። ተማሪዎች ይህን እንዲለዩ ማስተማር የመምህሩ ትልቁ ሥራ ነው።

6. መለኪያው

እንግዲህ ሁለት ዓይነት የተጠነቀቁ ቃላት አገኘን። አንደኛው የሰውን ክብር ይጠብቃል፤ ሁለተኛው የሰውን በደል ይሸፍናል። ሁለቱም ለስላሶች ናቸው፤ በጆሮ ብቻ አይለዩም። መለኪያው አንድ ጥያቄ ነው፤ ቃሉ የሚሸፍነው ማንን ነው? የተጎዳውን ሰው ከስድብ የሚሸፍን ቃል መልካም ልብስ ነው። ጉዳቱን ያደረሰውን፣ ወይም ሊከላከለው ሲገባ ዝም ያለውን ከጥያቄ የሚሸፍን ቃል ግን መጋረጃ ነው።

ይህን መለኪያ በራሳችን ሥራ ላይ፣ በ«ረሃብ» ላይ እንሞክረው።

የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2006 በዓመታዊ ዘገባው ምድቦች ውስጥ የነበረውን «ረሃብ» የሚል ቃል አውጥቶ፣ «በጣም ዝቅተኛ የምግብ ዋስትና» በሚል ተካው። ባለሙያዎቹ የሰጡት ምክንያት ነበራቸው፤ ጥናቱ የሚለካው ቤተሰቡ ምግብ የማግኘት አቅሙን እንጂ እያንዳንዱ ሰው በሆዱ የሚሰማውን አይደለም አሉ። ተቺዎች ግን፣ ቃሉ ሲጠፋ ነገሩም የጠፋ ይመስላል አሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው ብለን እናምናለን። ለቆጠራ ትክክለኛ የሆነ ቃል፣ ለሕዝብ ሲነገር ግን ሊያደነዝዝ ይችላል።

በአንጻሩ፣ የተለካ ቃል ሁሉ ፈሪ አይደለም። የምግብ ችግርን ደረጃ ለማወቅ በ2004 በሶማሊያ የተጀመረና ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት መለኪያ አምስት ደረጃዎች አሉት። የመጨረሻው ረሃብ ነው። ይህም እንዲታወጅ ከመቶ ቤተሰቦች ቢያንስ 20ዎቹ ፈጽሞ የሚበሉት ያጡ፣ ከመቶ ሕፃናት ቢያንስ 30ዎቹ የመነመኑ፣ ከ10,000 ሰዎችም በቀን ቢያንስ 2 የሚሞቱ መሆን አለበት። ቃሉ እንዲህ የተጠበቀው ሲነገር እንዲታመን ነው። ሆኖም ዋጋ አለው። በሐምሌ 2011 በደቡብ ሶማሊያ ረሃብ ታወጀ፤ በኋላ የተደረገ ጥናት በዚያ ክፉ ጊዜ ወደ 258,000 የሚጠጉ ሰዎች እንደ ሞቱ ገመተ፤ ግማሽ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች የነበሩ ሕፃናት ናቸው። ከሟቾቹም መካከል ብዙ ሰዎች ያለፉት ቃሉ በይፋ ከመነገሩ በፊት ነው። ቃሉን የሚጠብቅ እርዳታ ይዘገያል ማለት ነው።

ፈጽሞ መጋረጃ የሆነውን ዓይነት ደግሞ እኛው አገር አይተነዋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ ነገሩ በይፋ ተድበስብሶ ቆየ። የውጭው ዓለም በሰፊው ያወቀው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በብሪታንያ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። የፊልሙ ስም «ያልታወቀው ረሃብ» የሚል ነበር። ለሞቱት ግን ያልታወቀ አልነበረም።

7. ስለ ራሳችን

ሌላውን በመለኪያ ለክተን ራሳችንን ሳንለካ ብናልፍ ስኩዊለርን መምሰል ይሆንብናል። ስለዚህ አንድ ነገር እንናዘዝ።

ከዚያ ምሽት በኋላ የቆዩ ደብዳቤዎቻችንን አውጥተን አነበብን። በአንደኛው ለእናንተ፣ «በትራንስፖርት ረገድ ባጋጠሙ ችግሮች ምክንያት የእደላው መርሐ ግብር ማስተካከያ ተደርጎበታል» ብለን ጽፈን አገኘን። የሆነው ይህ ነበር፤ የጭነት መኪና በጊዜ ባለመከራየታችን እህሉ ሦስት ሳምንት ዘገየ፤ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ እደላው ስፍራ መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። «ማስተካከያ» የምትለው ቃል የሸፈነችው እነርሱን አልነበረም፤ እኛን ነበር። ለእናንተ በመጻፋችን ስለዚህ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ለእነርሱ ግን ይቅርታ ስለ መጠየቃችን በደብዳቤው ላይ አንድም ቃል አላገኘንም።

ሌላም አገኘን። በአንድ ገጽ ላይ «ተረጂዎች» የሚለውን ቃል አሥራ አንድ ጊዜ ጽፈናል፤ የአንድም ሰው ሙያ አልጠቀስንም። ከመካከላቸው ሸማኔ፣ አራሽ፣ ሸክላ ሠሪና አዋላጅ እንደ ነበሩ እናውቃለን። ድርቁ ሳይመጣ በፊት ስም ነበራቸው፤ ካለፈም በኋላ ይኖራቸዋል።

ስለዚህ ወደዚያች ተማሪ ተመልሰን፣ ስለ እርስዎ ዓይነት ሰዎች ስንጽፍ ምን ብለን እንድንጠራችሁ ይወዳሉ? ብለን ጠየቅናት። ረጅም ጊዜ አሰበችና፣ «የሆነውን ንገሩ። ተርበን ነበር፤ ተርበን ነበር በሉ። ግን ረሃብ ስሜ አይደለም» አለችን።

መለኪያውን ከእኛ ይልቅ አሳጥራ ነገረችን። በነገሩ ላይ ግልጽ ሁኑ፤ በሰውዬው ላይ ተጠንቀቁ። ስዊፍት በ1729 ያወገዘው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ የእርሱ ተናጋሪ በነገሩ ላይ ለስላሳ፣ በሰዎቹ ላይ ግን ጨካኝ ነበርና። ስዊፍት ራሱ በ1745 ሲሞት ከሀብቱ አብዛኛውን በደብሊን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንዲሠራበት ተናዘዘ፤ ሆስፒታሉም በ1757 ተከፈተ። በዘመኑ መሳለቂያ ለነበሩ ሰዎች ይህ ተሳላቂ ቤት ሠራላቸው። ብዕሩም ገንዘቡም ወዴት እንዳነጣጠሩ ከዚህ ይታወቃል።

ከእንግዲህ በዚህ ዓምድ ስንጽፍላችሁ፣ «ማስተካከያ»፣ «ክፍተት»፣ «ተረጂ» የሚሉትን ቃላት ባገኛችሁ ጊዜ ጻፉልንና ጠይቁን። የሚሸፍኑት ማንን ነው? በሉን።

ለክፍልና ለቤተሰብ መወያያ

1. ስላቅ ያለበትን አንድ ጽሑፍ ወይም የሬዲዮ ጭውውት ምረጡ። ተናጋሪው ማን ነው? ጸሐፊው የሚፈልገውስ ምንድን ነው? ሁለቱን ለይታችሁ ጻፉ።

2. ስላቁ የሚያነጣጥረው ኃይል ባለው ሰው ላይ ነው ወይስ በተጎዳው ላይ? ወደ ሌላ ቢዞር ትርጉሙ እንዴት ይለወጣል?

3. ቀድሞ ትናገሯቸው የነበሩ፣ አሁን ግን የተዋችኋቸውን ሦስት የአማርኛ መጠሪያዎች አስታውሱ። ለምን ተዋችኋቸው? የተካችሁበት ቃል የሚሸፍነው ማንን ነው?

4. ከጋዜጣ ወይም ከመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ አንድ የለዘበ ዓረፍተ ነገር ፈልጉ። ነገሩን በዓይን እንዲታይ አድርጋችሁ በአጭሩ መልሳችሁ ጻፉት፤ ቀጥሎም ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። በትርጉሙ ጊዜ ለመደበቅ የሚያስቸግረው የትኛው ክፍል ሆነ?

5. ስለ ራሳችሁ ወይም ስለ ቤተሰባችሁ ችግር ሌላ ሰው ሲናገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁን? ያስከፋችሁ ቃል የትኛው ነበር? ያጽናናችሁስ?